ሳይነበብ ራይት ያገኘ ምንባብ

የኮሎራዶ የሚያዝያ በረዶ መሐላ አያውቅም፤ ጧት አገሩን ሸፍኖ ቀትር ላይ የለሁበትም ይላል። ሲሄድም ባዶ እጁን አይሄድም፤ በየአስፋልቱ ጉድጓድ ትቶ ነው። ብዙዬ ከግሪን ቫሊ ራንች ተነስታ አባቷንና ሁለት ሴት ልጆቿን ጭና ወደ ኦሮራ ስትወርድ ከነዚህ ጉድጓዶች በአንዱ ገባችና የፊት ጎማዋ ተቀደደ። እየተንገጫገጨች ፒዮሪያ መንገድ ላይ ካለ ጎሚስታ ቤት ደረሰች። ሠራተኛው ከፊቷ የተሰለፉትን መኪኖች በአገጩ አሳይቶ ሁለት ሰዓት እንደምትጠብቅ ነገራት።

ሌላ ሴት ብትሆን ትበሳጭ ነበር። ብዙዬ ግን በልቧ ተመስገን አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ምንም የማያዛት ወንበር ተገኘ ማለት ነው። ጥግ ይዛ ዓይኗን ልትከድን ስትል የአባቷን ድምፅ ሰማች።

«ከተቀመጥን አይቀር ደብተሮቹን አውጪያቸው።»

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉን።»

«ትናንት የግራመሩ ገጽ ባዶውን አድሯል። እኔ ባዶ ገጽ እያየሁ አልቀመጥም።»

አቶ ተክለሚካኤል አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ሊረዱ ከመጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ኮታቸውን ቢረሱ ቀይ እስክሪብቷቸውን አይረሱም።

ብዙዬ ቦርሳውን ከፈተች። ስድስት ደብተር ወጣ። አንዱ የፎኒክስ፣ አንዱ የስፔሊንግ፣ አንዱ የግራመር፣ አንዱ የእጅ ጽሑፍ፣ አንዱ የቮካቡለሪ፤ የመጨረሻው አንብበሽ መልሺ የሚል። ይህ ሁሉ ለአንድ ቋንቋ፣ ያውም የወለቀ የፊት ጥርሷ ገና ተመልሶ ላልበቀለ የሰባት ዓመት ልጅ። የአምስት ዓመቷ ሊዲያ ደግሞ የራሷ ሁለት አላት።

ስድስቱ ባንድ ቀን የመጡ አይደሉም። በቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ቴሌግራም ላይ አንዷ «የእኔ ልጅ በዚህ ነው የተለወጠችው» ስትል አንዱ ይመጣል፤ ሌላዋ «እሱ እኮ ያለዚህኛው አይሆንም» ስትል ሁለተኛው ይከተላል። ማን እንዳመሰገነው እንጂ ለማን እንደሚስማማ የጠየቀ አልነበረም። አንዴ ቤት የገባ ደብተር ደግሞ እንደ አማት እንግዳ ነው፤ ውጣ የሚለው የለም።

ቤት ማስተማር የጀመሩት ለዚህ አልነበረም። ባሏ እንዳልክ የትራክ ሾፌር ነው። ስምንት ቀን ኔብራስካና አይዋ ተንከራትቶ ሁለት ቀን ቤቱ ያርፋል፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ቅዳሜና እሑድ ላይ የሚውሉት አልፎ አልፎ ነው። ትልቋ ሔቨን ኪንደርጋርተን በገባች ዓመት አባትና ልጅ በወጉ ሳይተያዩ ክረምቱ አለፈ። «ትምህርቱን ቤት እናድርገውና አባታቸውን ይወቁት» ተባባሉ። አሁን ግን እንዳልክ ቤት ሲመጣ ሁለት የተጎነበሱ ማጅራቶች ነው የሚያገኘው። ሔቨን ያኔ በየመንገዱ ያለውን ሰሌዳ ጮክ ብላ እያነበበች መኪና ውስጥ ሰው የምታሰለች ልጅ ነበረች። ከገና ወዲህ ግን ካልታዘዘች አንድ ቃል አታነብም። ብዙዬ ቅዳሜና እሑድ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ አምስቱን ቀን ደብተር ታስሞላለች። በቦርሳዋ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ፎርም አለ። የሔቨንን ስምና የማስረከቢያውን ቀን ጽፋበታለች፤ የቀረውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ልትሞላው ወስናለች። ለባሏም ለአባቷም አልነገረችም። መናገርም ጉልበት ይጠይቃል።

ከፊት ለፊታቸው ሰማያዊ ሻርፕ የጠመጠመች ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የልጆች የላይብረሪ መጽሐፍ ዘርግታ ከንፈሯን እያነቃነቀች ታነባለች። ቀና ብላ ደብተሯ ላይ የተጎነበሰችውን ሔቨንን አየች፤ እንደገና አየች። በመጨረሻ ከወንበሯ ከፍ ብላ ለሽማግሌው እጅ ነሣች።

«እንደምን ዋሉ። አማርኛ ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ሰውዳ እባላለሁ፤ ኤርፖርት ሰው አመላልሳለሁ። ዛሬ ሚስማር አስቀመጠኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተክለሚካኤል እባላለሁ። ልጄ ብዙዬ ናት፤ እኒህም የልጅ ልጆቼ።»

«ያሳድግልዎ። ጋሽ ተክለሚካኤል፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝና፣ ይቺ ልጅ ከተቀመጠች አራት ገጽ ጨርሳለች። እኔ ይኸው አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ምን አብልታችኋት ነው?»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። የደስታቸው ምልክት ጉሮሯቸውን መጥረግ ነው። የምንባቡን ደብተር አንስተው ገለጡላት። ከላይ እስከ ታች ቀይ ራይት፣ በየገጹ ግርጌ ፊርማና ቀን።

«ከጥር ጀምሮ አንድ ኤክስ አልገባበትም» አሉ።

ሰውዳ ገጹን አየችና ደብተሩን ለሔቨን አዞረችላት። «የኔ ቆንጆ፣ ይቺኛዋን አሁን ነው የጨረስሽው አይደል? ስለምንድን ናት ታሪኳ?»

ሔቨን እናቷን አየች። «አይ ዶንት ኖው።»

«አሁን የሠራሽውን እኮ ነው» አለች ብዙዬ።

«መሥራት እኮ ሠራሁት፣ ማሚ። ማንበብ አያስፈልግም።» ይህን ስትል አንድም እፍረት አልነበረባትም፤ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ለማያውቅ ሰው እንደምታሳይ ጣቷን ጥያቄው ላይ አደረገች። «ሲ? እዚህ ‹ቀበሮው ምግቡን የደበቀው የት ነው› ይላል። ቀበሮና ደበቀ የሚለውን ከላይ ታሪኩ ውስጥ ትፈልጊያለሽ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትገለብጫለሽ። ዛትስ ኢት።»

ጎሚስታው በሩ ማዶ ጎማ ጥሎ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። አቶ ተክለሚካኤል ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አወረዱ። አንድ ጥያቄ ሞከሩ፤ ሁለተኛ ሞከሩ። ልጅቷ እንዳለችው ነበር። ከጥር ጀምሮ በትጋት ራይት ያደረጉት፣ ሳይነበብ የተመለሰ ምንባብ ነው።

ብዙዬ መናደድ ፈለገች፤ ለንዴት የሚሆን አቅም አጣች። የቀረቻት ትንሽ ቁጣም ከልጇ ይልቅ በሴትዮዋ ላይ ወጣች።

«ይቅርታ እህቴ፣ መምህርት ነሽ?»

«አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ የሚያስተምረኝ ስላላገኘሁ ራሴን አስተማርኩ። ራሱን የሚያስተምር ሰው ደግሞ መሸወድ አይችልም፤ ራይት የሚያደርግለት የለማ። የገባው ገብቶታል፣ ያልገባው አልገባውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ኤርፖርት ወለል ሳጸዳ በየበሩ የተጻፈውን ማንበብ አቃተኝ። ላይብረሪ ሄጄ የሕፃን መጽሐፍ መበደር ጀመርኩ። ሴትዮዋ ‹ለልጅሽ ነው?› ስትለኝ ‹አዎ› እላለሁ። ልጅ የለኝም። በኋላ ሰሊማን ስወልድ ውሸቴ እውነት ሆነልኝ። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እኔው ነኝ የማስተምራት።»

«በስንት ደብተር?» አሉ ሽማግሌው።

«በአንድ፣ ጋሽዬ። እሱም ባዶ ነው፤ የምትሞላው እሷ ናት።»

አቶ ተክለሚካኤል ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው ጎሚስታ ቤት ውስጥ በአንድ ጥያቄ አይረታም።

«ስሚ ልጄ። ይህች ልጅ ዘዴ አግኝታለች፤ ዘዴ ደግሞ የትም አለ። ጥፋቱ የልጅቷ እንጂ የደብተሩ አይደለም። ግራመር የሌለው ቋንቋ አጥንት የሌለው ሥጋ ነው፤ አይቆምም።»

«እውነትዎን ነው። ግን ልጅ ሲወለድ አጥንቱ ለስላሳ አይደል? እናቱ ታጠባዋለች እንጂ ቁም ብላ አትመታውም። ሰባት ዓመቷ ነው። ገና የምትጠባበት ጊዜ ነው።»

«የምትጠባው ምኑን ነው?»

«ታሪክ። ሰው ጮክ ብሎ የሚያነብላት፣ ጥሩ ጥሩ ወሬ። አፏ በዚያ ይሞላል፤ አጥንቱ ቆይቶ ይጠነክራል። አሥር ዓመት ሲሆናት ግራመሩን በሁለት ወር ትጨርሰዋለች፤ ምክንያቱም የማታውቀው ስሙን ነው እንጂ ነገሩን ታውቀዋለች።»

«ይህ የዘመኑ ልጆች ማባበያ ነው። እኔ ስንት ዶክተር፣ ስንት ኢንጂነር ያፈራሁት ደብተር እየሰበሰብኩ ነው።»

«አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ ነበርዎት?»

«ሰማንያ ሁለት። ዘጠና የሆኑበትም ዓመት አለ።»

«ለሰማንያ ሁለት ልጅ ተራ በተራ ጆሮ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ደብተር ሰብስበው ራይት አደረጉ። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔን ካሉኝ ሽልማት ይገባዎታል። አሁን ስንት ተማሪ አለዎት?»

ጥያቄ የሚባል ነገር ሁሉ መልስ ያለበት የሚመስላት ሊዲያ ሁለት ጣቷን አውጥታ «ቱ» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ከቤት ይዘነው የምንመጣው ጓዝ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ለሰማንያ ሁለት ልጅ የተሰፋ ልብስ ለሁለት ልጅ አልብሰን፣ ልጆቹ ሲደናቀፉ ልጆቹን እንቆጣለን።

ብዙዬ አሁን ከስድስቱ ደብተሮች ሥር ሌላ ወፍራም መጽሐፍ ስቦ የሚያወጣ እጅ አየች፤ የሰውዳ እጅ ነው። የግራመሩ የአስተማሪ መመሪያ። ፕላስቲኩ አልተፈታም።

«ይሄንንስ ለማን ነው ያስቀመጣችሁት?»

«መመሪያ ለማያውቅ ሰው ነው» አሉ አቶ ተክለሚካኤል። «እኔ መመሪያ አያስፈልገኝም።»

«ብከፍተው ይቆጡኛል?»

በእጃቸው ፈቀዱላት። ፕላስቲኩን ቀደደች፤ ሁለተኛውን ገጽ አገኘችና ለብዙዬ ሰጠቻት። ብዙዬ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ለአባቷ በአማርኛ ተናገረች። «በየትምህርቱ አራት መልመጃ የተሰጠው ለልጁ የሚስማማውን አንዱን እንድትመርጡ ነው ይላል፣ አባዬ። ልጁ ካወቀው አራቱንም ዝለሉት ይላል።»

«ዝለሉት?»

«እንደሱ ነው የሚለው።»

«እኛ አገር ምረጥ የሚባለው ፈተና ላይ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ አራቱንም ሲያስሠሩ ኖረዋል። ደብተሩን ያዘጋጀው ሰው እንኳ ያላሰበውን ሸክም የጫኑት እነሱ ናቸው። ሰው የሰጠውን ማዕድ ሁሉ ካልጨረስኩ ነውር ነው ብሎ የሚታመም እንግዳ እኛን ይመስላል።

«እሺ፣ ጽሑፉስ?» አለች ብዙዬ። መጣላት ትታ መጠየቅ ጀምራለች፤ ሳታስበው ወደ ሴትዮዋ ዞራለች። «ቮካቡለሪውስ? ስፔሊንጉስ? እኔ እንዳንቺ አይደለሁም፤ አንዱን ስተው ሌላው የሚፈርስ ይመስለኛል።»

«ላንቺም የሚቀል ነው፣ ብዙዬ። ጧት አሥር ደቂቃ ፎኒክስ፤ ለትንሿ ሙሉውን፣ ለትልቋ የጎደላትን ብቻ። ከዚያ አንድ መጽሐፍ ይዘሽ ጮክ ብለሽ ታነቢላቸዋለሽ። ትዘጊዋለሽ። ልጅቷ የሰማችውን በገዛ አፏ ትነግርሻለች፣ በቀናት ቋንቋ። ከተናገረችው አንዲቷን ዐረፍተ ነገር አሳምራ ትጽፋለች፤ ያ እጅ ጽሑፏ ነው። የሳተችው ቃል የነገ ስፔሊንጓ ነው። ያላወቀችውን ቃል ከጠየቀችሽ ቮካቡለሪዋ ነው። በቃ። ስድስቱ ደብተር እዚያው ውስጥ አለ፤ አንድ ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስድስት ቤት አስቀምጣችሁ ነው የተቸገራችሁት።»

«የእኔ አክሰንት ያበላሻቸዋል።»

«አክሰንቱን ከጎረቤት ይወስዱታል። ታሪክ ግን ጎረቤት አያነብላቸውም።»

«ማስረጃውስ?» አሉ አቶ ተክለሚካኤል። «ነገ ሕግ ቢጠይቅ? አፍ ይነፍሳል፤ የተጻፈ ግን ይኖራል።»

«ሕጉ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር ነው የሚለው፣ ጋሽዬ፤ ሦስተኛውን ረስታችሁታል። የመናገር ደብተር ስላልተሸጠላችሁ ነው።» ሳቅ ብላ ጨመረች። «የጻፈቻትን ዐረፍተ ነገር ቀን እየጻፉ ያስቀምጡላት። በዓመቱ መቶ ሰባ ይሆናል፤ ሁሉም የእሷ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለች ሰውዳ፣ ቀስ ብላ። «እርስዎ ራስዎ ማንበብ የተካኑት በምንድን ነው? ፊደል መቁጠሩን አይደለም የምለው። አሳምሮ ማንበቡን።»

«በደብዳቤ ነው» አሉ። «በሰፈራችን ማንበብ የምችል ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ከክፍለ ሀገር ከዘመድ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ ይጠራኛል። አንዴ ብቻ አያስነብቡም፤ ድገመው ይላሉ። ሞት የተጻፈበትን ሳነብ ድምፄን ካልቀነስኩ ይቆጡኛል። ሠርግ ከሆነ ደግሞ ካላሳቅኳቸው ቆሎ አይሰጡኝም። አንዲት ሴትዮ ነበሩ፣ አንብቤ ስጨርስ ‹አሁን ወረቀቱን አስቀምጥና ምን እንዳለ ንገረኝ› ይሉ ነበር። በወረቀት ስላላመኑ በአፌ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። የጀመሩት ዐረፍተ ነገር የት እንደሚያደርሳቸው ያወቁት መሐል ላይ ነው።

ሰውዳ የላይብረሪ መጽሐፏን ዘጋች። ሌላ ጊዜ ምላሷ ስለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ስለት ደግሞ መቼ ሰገባው ውስጥ እንደሚገባ ያወቀ ነው የሚቆርጥበት። መኪናዋ ተጠርቶ ስትነሳ ብቻ ስልክ ቁጥሯን ለብዙዬ ሰጠቻትና «ሁለት ሳምንት ሞክሪው። ካልሆነ ደብተሮቹ የትም አይሄዱም» አለች።

ብዙዬ ሁለት ሳምንት ስትባል ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ፎርም አሰበች። ቀኑ አንድ ነበር።

«ሁለት ሳምንት» አሉ አቶ ተክለሚካኤል መኪና ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እስክሪብቶዬን አላወጣም። ግን አያለሁ።»

ተአምር ወዲያው የሚሆነው በተረት ነው። ግሪን ቫሊ ራንች ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ዝናብና ዝምታ ነበር። ከላይብረሪ ያመጡት መጽሐፍ አንዲት ያረጀች ፈረስ ሊሸጧት ሲሉ አምልጣ ወደተወለደችበት ተራራ ስለምትመለስበት ጉዞ ነው። ብዙዬ አንድ ምዕራፍ አነበበችና ዘጋችው።

«እሺ ሔቨን፣ ንገሪኝ።»

ሔቨን መጽሐፉን ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ጥያቄዎቹ የት አሉ?»

«ጥያቄ የለም። የሰማሽውን ብቻ።»

«ፈረስ ነበረች» አለች ልጅቷ። ሌላ አልወጣትም። በማግሥቱም ፈረስ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ፈረሷ ሄደች።

አቶ ተክለሚካኤል ከጋዜጣቸው ሳይነሱ «በቀን አርባ መልስ የምትጽፍ ልጅ ሁለት ቃል ላይ ደረሰች» አሉ።

«አርባው የእሷ አልነበረም፣ አባዬ። ሁለቱ የእሷ ናቸው።» ብዙዬ ይህን ካለች በኋላ በራሷ ተገረመች። ያመነችበት አይመስላትም ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ነገር አስተዋለች፦ ትምህርቱ ያለቀው ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ማንም አላለቀሰም።

በስድስተኛው ቀን ድምፅዋ ሰለለ። ቅዳሜና እሑድ አረጋውያኑን ስታነሳና ስታስተኛ የዋለችበት ወገቧም እምቢ አለ። «እስኪ ዛሬ እርስዎ ያንብቡላቸው» ብላ መጽሐፉን ለአባቷ ሰጠችና ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

ሽማግሌው መጀመሪያ እንደ ዜና ነበር ያነበቡት። ቀስ በቀስ ግን ያ የድሮው ልጅ፣ ያ የደብዳቤው አንባቢ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ነቃ። ፈረሷ ስትደክም ድምፃቸው ደከመ። ውሻ ሲጮህባት ሊዲያ ወደ አያቷ ጉልበት ተጠጋች። ከዚያ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ኖሮ ባንድ ላይ ገለጡና ቀጠሉ።

«አባባ፣ ቆይ» አለች ሔቨን። «እንደሱ አይደለም። ወንዙን አልተሻገረችም እኮ።»

«ምን አልሽ?»

«አሁን ተራራው ላይ ናት አሉ። ግን ወንዙ መሐል ነው ያለው፤ ሺ ሃዝ ቱ ክሮስ ኢት። ውኃው ደግሞ ትናንት ሞልቶ ነበር፤ እንዴት አለፈች? ዘለዋል።»

አቶ ተክለሚካኤል ገጹን ወደ ኋላ መለሱ። የተጣበቁትን በጥፍራቸው አላቀቁ። ወንዙ እዚያ ነበር። ለረጅም ጊዜ ልጅቷን አዩዋት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰማንያ ሁለት ተማሪ ፊት ቆመው፣ መምህሩ አንድ ገጽ ቢዘል አንድም ልጅ እጅ አውጥቶላቸው እንደማያውቅ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ሁሉም ይገለብጡ ነበር።

መምህር መምህር ነውና በማግሥቱ ሆን ብለው ሌላ ቦታ ዘለሉ። ሔቨን ያዘቻቸው። በሦስተኛው ቀን የፈረሷን ቀለም ለወጡ። ሊዲያ ያዘቻቸው። ብዙዬ በአባቷ ጉሮሮ ውስጥ ያንን የደስታ ጠረጋ ሰማች።

«ለዚያች ለሰማያዊ ሻርፓሟ ልጅ ደውይላት» አሉ ማዕድ ላይ። «ሆን ብዬ ፈተንኳቸው፤ ልጆቹ ከመቶ መቶ አመጡ በያት። ምክሩ ትክክል ነው በያት ግን አላልኩም።»

እንዳልክ የዚያን ቀን ከኔብራስካ ደወለ። ነፋሱ መንገዱን ዘግቶበት ቆሟል። ሌላ ጊዜ ከልጆቹ ጋር የሚያወሩት ወሬ «ተማርሽ?» «የስ» ነው። አሁን ግን ሔቨን ስልኩን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ስለ ፈረሷ ጀመረች፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ወንዙ ጋ ስትደርስ ሁለቱም አልበቃ ብሏት በእጇ ጭምር፣ አባቷ እጇን የሚያይ ይመስል። ብዙዬ ሳህን ይዛ ቆማ ሰማች። ከስልኩ ውስጥ የባሏ ድምፅ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ከዚያስ?»

ሁለቱ ሳምንት ሰኞ ጧት ሞላ። ብዙዬ ቦርሳዋን ከፍታ ፎርሙን ፈለገች። የለም። የልብስ ኪሷን ፈተሸች። በመጨረሻ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አገኘችው፤ በጀርባው ተገልብጦ። በእርሳስ፣ በእንግሊዝኛ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል፦ ፈረሷ ወንዙን የተሻገረችው ስላልፈራች አይደለም፣ ቤቷ በዚያ ማዶ ስለሆነ ነው።

ሔቨንን ማንም አላዘዛትም። ወረቀት ከቦርሳ ያወጣችው ሐሳቡ እንዳያመልጣት ነው።

አቶ ተክለሚካኤል ከኋላዋ መጥተው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አነበቡ። እጃቸው በልማድ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ።

«ሁለት ቃል ስታለች» አሉ።

«አይቻለሁ፣ አባዬ።»

እጃቸውን ባዶውን መለሱ። «ይደርሳል። ነገ።» ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡት፤ የትምህርት ቤቱን ስም፣ የልጅ ልጃቸውን ስም፣ የሰኞውን ቀን አዩ። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት፤ ይህን ያህል ደክማ እንደነበር አለማወቃቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ወረቀቱን መልሰው በጽሑፉ በኩል አስቀመጡትና «ይሄ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ» አሉ።

እንዳልክ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ገባ። ልጆቹ ደብተር ላይ አልነበሩም፤ በሩ ላይ ነበሩ። ሔቨን እጁን ይዛ ወደ ጓሮ ልትጎትተው ስትል ግራ ገባው።

«ትምህርት የለም እንዴ ዛሬ?»

«ጨረስን እኮ፣ ዳዲ።»

ሽማግሌው ያስረዱት ጀመር፤ በጨዋ መምህር ደንብ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሳቸው እንደሆነ ሁሉ። «ልጄ እንዳልክ፣ ስድስት ደብተር የሞላች ልጅ ስድስት ነገር አወቀች ማለት አይደለም። ሲበዛ ልጅ ማምለጫ ይፈልጋል፤ አሳጥረን ስንሰጠው ግን ነገሩ ውስጥ ይገባል። አንዷን ታሪክ ሰምታ ከተረከች ማሰብን ተማረች፤ ከትረካዋ አንዷን መስመር ከጻፈች ጽሑፍን ተማረች። እናትየውም መጽሐፍ ታነባለች እንጂ ዘብ አትቆምም። አንተም ቤትህ ስትገባ ልጆችህን ታገኛለህ። ለሕፃን ሲመርጡለት የሚጨመረውን ሳይሆን የሚቀነሰውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። ይህን ለቤተ ክርስቲያኑ እናቶች እሑድ እነግራቸዋለሁ። ስድስቱን ደብተር ግን ማንም እንዳይቀበለኝ እፈራለሁ።»

እንዳልክ ሳቀና ዙሪያውን አየ። «ብዙዬስ?»

ብዙዬ ሶፋው ላይ ነበረች። ያረጀችውን ፈረስ መጽሐፍ ደረቷ ላይ ከፍታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወስዷታል። የቀኑ ግማሽ ገና አላለፈም፤ የሚጠብቃት ሥራ አልነበረም። ባሏ ሊቀሰቅሳት አጎነበሰ።

«ተዋት» አሉ አቶ ተክለሚካኤል። «ይቺ ገጽ ባዶ ትቆይ።»